የመንገዱ ሙታን የክርስትና ስም

ሰው «ቀላል ሥራ ነው» ብሎ የሰጠኝን ሥራ ሁሉ እፈራለሁ። ከባድ ነው የተባለውንማ አስቀድሜ እምቢ ስለምል ጎድቶኝ አያውቅም። አለቃችን አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጽዱ ጥላ ሥር አስቀምጠውኝ «ቀላል ነገር ላዝህ ነው» ሲሉኝ ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። ነገር ግን ማኅሌት ቆሜ ስለነበር እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ እንዲሁ ተቀምጬ ሰማኋቸው።

እኔ በደብረ ታቦር ከሚገኙት ደብሮች በአንዱ ድጓ የማስተምር፣ ከማስተማር የተረፈውን ጊዜ ደግሞ ብራና ላይ የምፈጀው ደብተራ ነኝ። በዚያ ዘመን መድፍ ከሚሠራበት ከጋፋት የሚወጣው ከባድ ሠረገላ የሚያልፍበት መንገድ ይሠራ ነበር። ገደሉ ይናዳል፣ ዛፉ ይመነጠራል፣ ከእብናትም ከደራም ሰው በየተራው እየመጣ ድንጋይ ይፈነቅላል፣ ጠፍር ይጎትታል። የወጣው ሁሉ ግን አልተመለሰም። ድንጋይ ይንከባለላል፣ ጠፍር ይበጠሳል፣ መንኰራኩር ወደ ኋላ ይሄዳል። የሞተውን እዚያው አጠገብ ይቀብሩታል፤ በማግስቱ ሥራው ይቀጥላል። ወሬው እናቱ ዘንድ የሚደርሰው አንዳንዴ ከወር በኋላ ነው።

«እነዚህ ልጆች እነማን እንደ ነበሩ የሚያውቅ የለም» አሉ አለቃ። «ሁዳዴ ሳይገባ በስማቸው ላስቀድስላቸው ነው። ስማቸውንና አገራቸውን እየጠየቅህ ጻፍልኝ።»

እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ኖሮ ጣጣው በግማሽ ይቀንስ ነበር። እኔ ግን ብልህ መምሰል እወዳለሁና «ምን እንደ ገደላቸውስ አብሬ ብጽፈው?» አልኩ።

«ምን ይረባሃል?»

«አብዛኛው ሰው የሚሞተው በድንጋይ ይሁን በጠፍር ብናውቅ፣ ለሥራው ሹም ነግረን የቀሩት ይተርፉ ይሆናል።»

አለቃ ትክ ብለው አዩኝ። «እንዲህ ያለ አሳብ ከአንተ ይወጣል ብዬ ጠርጥሬም አላውቅ» አሉ። ይህንን እንደ ምርቃት ቆጥሬ በደስታ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ምርቃት እንዳልነበረ የገባኝ ማታ እራት ስበላ ነው።

አንድ ሰው ብቻውን ያንን ሁሉ አገር አይዞረውም። በሚቀጥለው እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ «ምንም ሳይከፈለው፣ ለነፍሱ ብሎ የሚዞርልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ብዬ ጮኽኩ። ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከብቱን ሳያስር መምጣቱ ትዝ አለው። ግቢው ባዶ ሲሆን ሁለት ሰዎች ቀርተው አገኘሁ። አንደኛዋ እማሆይ ወለተ ሐና የተባሉ መነኵሲት ናቸው፤ የቀሩት ጸሎታቸውን ስላልጨረሱ ነው። ሁለተኛው አያ ካሴ የተባሉ አሮጌ ወታደር ናቸው፤ የቀሩት እግራቸው አንካሳ ስለሆነና ፈጥነው መሸሽ ስላልቻሉ ነው። ሁለቱንም በፈቃዳቸው የመጡ ናቸው ብዬ መረቅኋቸው።

ሁለቱም መጻፍ አይችሉም። ግን እያንዳንዳቸው የማይረሱበት የራሳቸው ዘዴ አላቸው። እማሆይ «ለእያንዳንዱ ሟች አንድ የመቁጠሪያዬን ፍሬ እይዝለታለሁ» አሉኝ። አያ ካሴ ደግሞ የቆዳ ከረጢታቸውን አሳዩኝ። ድንጋይ ለገደለው ባቄላ፣ ጠፍር ተበጥሶ ለገደለው ሽምብራ፣ መንኰራኩር ለገደለው አተር ይጨምሩበታል። እንዲህ ያለ ጥበብ ከእኔ ደብር ይወጣል ብዬ ጠርጥሬም አላውቅ።

እማሆይ በሳምንታቸው ከደራ ተመለሱ። ከፊቴ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ፍሬዎቹን አንድ በአንድ መንካት ጀመሩ። «ይኸ የመበለቷ ልጅ ነው፤ ድንጋይ ነው። ይኸ ደግሞ ሁለት ሕፃናት ጥሎ የሄደው ነው…» አሉና ጣታቸው ከሚቀጥለው ፍሬ ላይ ቀረ። ብዕሬን አንሥቼ ጠበቅሁ። ቀለሙ ደረቀ።

«ምነው እማሆይ?»

«ከዚህ ወዲያ ያሉት ጠፍተውኛል። ወንዙን ስሻገር ውኃው አስፈራኝና ኪርያላይሶን አልኩባቸው።»

«ስንት ጊዜ?»

«አርባ አንድ» አሉና አለቀሱ።

አያ ካሴ በበኩላቸው ከእብናት የተመለሱት ከረጢታቸው ሳስቶ ነው። መንገድ ላይ ስንቅ አልቆባቸዋል። «ዋሽቼ ምን አገኛለሁ» አሉኝ በወታደር ወግ ቀጥ ብለው ቆመው። «ሁለት ሽምብራና አንድ አተር በልቻለሁ።» እኔም በዚያ ቀን በብራናዬ ላይ ሦስት ክፍት ቦታ ትቼ አለፍኩ። አሁን ሳስበው ከዚያች ከረጢት የተበላው የሦስት ቤት ልቅሶ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን የሳቅሁትን ሳቅ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አያ ካሴን ሌላም ነገር ያስቸግራቸው ነበር። በእሳቸው አፍ ማንም ሰው እንዲሁ አይሞትም። «ሞላ የተባለው ጀግና ድንጋዩን ፊት ለፊት ገጠመው፤ አንዲት እርምጃ አልሸሸም!» ይሉኛል።

«አያ ካሴ፣ ድንጋዩ ከኋላው ነው የመጣበት ይላሉ እኮ።»

«ድንጋዩ ፈሪ ነዋ!»

እማሆይ ደግሞ ሁለተኛ ሲላኩ በተቃራኒው ሆኑ። ለቅሶ ቤት በገቡ ቁጥር ከቤተ ዘመዱ ጋር እኩል ያለቅሳሉ፤ ምን እንደ ገደለው መጠየቁን ይረሱታል። ዓይናቸው አብጦ ይመለሱና አንደኛው ሲያርስ ማፏጨት ይወድ እንደ ነበር፣ ሌላው ለእኅቱ ሠርግ ጠጅ ጥሎ እንደ ነበር ይነግሩኛል። «ለፉጨት ቦታ የለኝም እማሆይ፤ ድንጋይ ነው ጠፍር?» እላቸዋለሁ ተቆጥቼ። እሳቸው ሲሄዱ ግን ፉጨቱን በብራናው ጠርዝ ላይ በትንንሽ ፊደል እጽፈው ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሳይጻፍ ሲቀር ያሳዝነኛል።

ዋናው ጣጣ ግን ገና ነው። እንደምታውቁት ቅዳሴ ላይ የሟች ነፍስ የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ነው። በዓለም ስሙ ቢጠሩት ጸሎቱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሜዳ ላይ ይቀራል። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ለልጁ የሚያወጣው የዓለም ስም ልመና ነው። ብራናዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ሳነበው እንዲህ ይላል፤ ሞትባይኖር ሞተ፣ አንለይ ተለየ፣ ይቆየኝ አልቆየም። አንባቢዬ ይሥቅ ይሆናል፤ እኔም በመጀመሪያው ቀን ሥቄአለሁ። በሁለተኛው ቀን ብራናውን ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

የክርስትና ስሙን ደግሞ የሚያውቁት እናት፣ ያጠመቀው ቄስና የክርስትና አባት ብቻ ናቸው። ሌላ ሰው እንዲያውቀው አይፈለግም። ክፉ ደብተራ እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል ተብሎ ይፈራል። አሁን ያንን ስም በየቤቱ የሚያስጠይቀው ማን ሆነና? ደብተራ። እኔ። ይህን አስቀድሜ አለማሰቤን ሳስብ አለቃ እውነታቸውን ነው እላለሁ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ አገር አዳረሰ። «አንድ ደብተራ የክርስትና ስም እየለቀመ ነው» ተባለ። እማሆይ ሲመጡ ባዩ ቁጥር ሰዎች በር መዝጋት ጀመሩ። አያ ካሴን ውሻ ለቀቁባቸው፤ እሳቸው ግን ውሻው ተሸንፎ መመለሱን ነግረውኛል። እምቢ ማለት ነውር የሆነባቸው ቤቶች ደግሞ ያገኙትን ስም እየሰጡ ሸኟቸው። ከአንድ መንደር የመጡት ሰባት ሟቾች ሰባቱም ገብረ ሥላሴ ሆነው ተገኙ። አያ ካሴ «እንዴት ያለ የተባረከ አገር ነው!» ብለው አደነቁ።

ሳያንገራግር የነገረን ሰው አንድ ብቻ ነው። እመት ብርቄ ይባላሉ፤ ከከተማው በታች ካለው ተረተር ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ መበለት ናቸው። አንለይ ያልኳችሁ የእሳቸው አንድ ልጅ ነው። እማሆይ ገና ከደጅ ቆመው ሲጠይቋቸው «ገብረ ኢየሱስ ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። «አብሬያት ላለቅስ ስቀመጥ እሷ ገብስ ታበጥራለች! ብቻዬን አልቅሼ መጣሁ» ብለው እማሆይ ተቀየሟቸው። እኔ ግን አንድ እውነተኛ ስም በማግኘቴ ደስ ብሎኝ አሳምሬ ጻፍኩት።

የሞትባይኖርን ነገር አያ ካሴ ናቸው ይዘው የመጡት። አተር ነው፤ መንኰራኩር ገድሎታል። ቤተሰቦቹ የክርስትና ስሙን የሚያውቁት ጣራ ገዳም ያሉት መነኵሴ የክርስትና አባቱ ብቻ ናቸው ስላሉ እኔው ራሴ ልሄድ ተነሣሁ። አለቃ በቅሎ ከለከሉኝ። ሁለት ቀን በእግሬ ተጉዤ፣ ተረከዜ ተላልጦ ከጫካው ስደርስ እንጨት የተሸከመ ጎልማሳ መንገድ ላይ አገኘሁ።

«ወንድሜ፣ ሞትባይኖር የሚባል ሰው ሞቶብን የክርስትና አባቱን ፍለጋ መጥቼ ነበር» አልኩት።

እንጨቱን ቀስ ብሎ አወረደ። «መቼ ሞተ?»

«ኅዳር ላይ።»

«ምን ገደለው?»

«መንኰራኩር።»

ከድንጋይ ላይ ተቀመጠና «ነፍስ ይማር» አለ። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔታ፣ ሞትባይኖር እኔ ነኝ» አለኝ።

እኔ አማተብኩ። እሱም አብሮኝ አማተበ።

ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ዳገቱ ላይ ሠረገላውን ሲጎትቱ ከአንለይ ጋር በአንድ ጠፍር ነበሩ፤ አንለይ በግራ፣ እሱ በቀኝ። ጠፍሩ ፀሐይ መትቶት ደርቋል። ሲበጠስ እሱን ወደ ቦዩ ወረወረው፤ ሠረገላው ወደ ኋላ የሄደው በአንለይ ላይ ነው። «እጁን ይዤው ነበር» አለኝ። «ላወጣው አልቻልኩም። እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይዤው ቆየሁ፤ ከዚያ እዚያ ቦታ መቆም አቃተኝና ጫካ ለጫካ ጠፋሁ። ዘመዶቼ እንዳልፈለግ ብለው ሞቷል አሉ። የኔታ፣ እባክዎ እንደ ሞትኩ ይተዉኝ። መኖሬ ከተሰማ ወደዚያው ጠፍር ይመልሱኛል።»

«ቅዳሴ ላይ ስምህ ይጠራል እኮ!»

«ይጠራ። ከኔስ ቢሆን ምኑ ተርፎ ነው?»

ልቆጣው ፈልጌ አልቻልኩም። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሲያለቅስ እኔም ተረከዜን አመመኝ ብዬ አለቀስኩ። ስመለስ በብራናዬ ላይ በዓለም ስሙ ብቻ ጻፍኩት፤ ያለ ክርስትና ስሙ ጸሎቱ አያገኘውም ብዬ ነው። ለሥራው ሹም ደግሞ የጠፍሩን መድረቅ ነገርኩት። ከረጢቱ ውስጥ ከባቄላውም ከአተሩም ሽምብራው ይበዛ ነበርና ሰማኝ፤ ጠፍሩንም በሞራ ማሸት ጀመሩ። ይህ ለቀሩት ነው።

ምስጢር ለብቻዬ ይዤ ማደር ስለማልችል ለእማሆይ ብቻ አስምዬ ነገርኳቸው። እማሆይም ለንስሐ አባታቸው ብቻ ተናገሩ፤ ውኃ ሊቀዱ ምንጭ ለሚወርዱት ሴቶችም ስም ሳይጠሩ። በሦስተኛው ቀን «ከመንገዱ ሙታን አንዱ በሕይወት ተገኘ» ተባለ። በአራተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሴቶች ተሞላ።

እኔ ዕቃ ቤት ገብቼ ከከበሮዎቹ መካከል ተደበቅሁ። አያ ካሴ በሩን በዱላቸው ያዙልኝ። አለቃ ግን መጥተው «አፍህ ያመጣውን አፍህ ይመልሰው። ውጣ» አሉኝ። ወጣሁ። እያንዳንዷ ሴት በዓይኗ የያዘችውን አየሁት። የራሴን ዓይን ወደ መሬት ጥዬ «የተገኘ ሰው የለም፤ ሐሰት ነው» አልኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። አንዲትም አልተሳደበችም። ነጠላቸውን እያጣፉ፣ ሕንጻውን እየተሳለሙ አንድ በአንድ ወጡ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ሁሉም ሲሄዱ እመት ብርቄ ብቻ ቀሩ። ትልቅ ጓዝ ታቅፈዋል። ወደ እኔ ቀረቡና ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ።

«የኔታ፣ እነዚያን በመመለስዎ ደግ አደረጉ፤ የእነሱ ልጆች ሞተዋል። የእኔን የት ገዳም እንዳለ ብቻ ይንገሩኝ። ስንቁንም ይዣለሁ፤ ብርድ ይበዛል ብዬ ጋቢም አምጥቼለታለሁ።»

«እመት ብርቄ፣ ስሙን እኮ ሰጥተውን…»

«ለእማሆይ የሰጠኋቸው ስም ውሸት ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሬሳውን ሳላይ? በሕያው ሰው ላይ ፍትሐት ከተደገመ ይሞታል ይሉ የለም? ልጄን በገዛ አፌ ልግደለው? ስም ፈጠርኩለት። እስካሁን የጠበቀው ይኸው ነው። አሁን ይንገሩኝ፣ የት ነው?»

ከጽዱ ሥር፣ ብራናዬና ቀለሜ ካሉበት አብረን ተቀመጥንና የሰው ሁሉ እጣ ሞት መሆኑን ላስረዳ ብዬ ከአዳም ጀመርኩ። ከአዳም ወደ አቤል፣ ከአቤል ወደ ኖኅ ሄድኩ። እመት ብርቄ በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ኖኅ መርከቡን ሠርቶ ሲጨርስ ግን እጄን ያዙኝ።

«የኔታ፣ ልጄ ዘንድ መቼ ነው የሚደርሱት?»

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። የተረፈው ሌላ መሆኑን፣ ከአንለይ ጋር በአንድ ጠፍር እንደ ነበረ፣ እጁን ይዞት እንደ ቆየ ነገርኳቸው።

«ብቻውን አልነበረማ?» አሉ።

«አልነበረም።»

«ምን አለ?»

«ምንም አላለ። አልቆየም።»

«ምኑን ነው ያገኘው?»

«ሠረገላው በላዩ ላይ ሄደ፣ እመት ብርቄ።»

አላለቀሱም። ጓዛቸውን ፈቱ፤ ጋቢውን አውጥተው ዘረጉት፣ ዳሩን ከዳሩ አገጣጥመው እንደገና አጠፉት። ከበሶው ከረጢት ጋር አድርገው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። «እጁን ለያዘው ልጅ ይላኩለት። ማን እንደሆነ አልጠይቅዎም» አሉ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው ስሙን ነገሩኝ። እውነተኛውን። ይህንን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የተነገረኝ ለአንድ ቦታ ብቻ ነው።

ብዕሬን ወደ ቀለሙ ስሰድ «ይቆዩ!» አሉኝ። «ከበሩ እስክወጣ አይጻፉት።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ቀስ እያሉ ሄዱ። ከበሩ ሲደርሱ ዞረው አዩኝ፤ ባዶ እጄን አንሥቼ አሳየኋቸው። የበሩን መቃን ተሳለሙ፣ ተደገፉትና ቆሙ። ያልፋሉ ስል አያልፉም። ጥላው ከጽዱ ሥር ተነሥቶ ግንቡ ጋ እስኪደርስ እሳቸውም እዚያው፣ እኔም እዚሁ ሆንን። አያ ካሴ ዱላቸውን ተመርኩዘው ከዕቃ ቤቱ በር ቆመው ነበር።

በመጨረሻ እመት ብርቄ አንድ እግራቸውን ወደ ውጭ አወጡ። «የኔታ!» ብለው ከዚያው ጠሩኝ።

«አቤት እመት ብርቄ።»

«ሲጽፉት እጅዎን አያክብዱበት። የከበደበት ይበቃዋል።»

ወጡ። እኔም ጻፍኩት።

አለቃ ለቅዳሴው ብራናውን ሲቀበሉኝ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ከዚያች መስመር ላይ ቆሙ። «ይኸ ስም ምነው እንዲህ ደበዘዘ? ብዕሩ የነካውም አይመስል። ድገምበት እንጂ!» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። እስከ ዛሬ አልደገምኩበትም።